ፊደል ላልቆጠሩ ጎልማሶች ክፍል መክፈት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰፈሮች የአሠራር መመሪያ

ጎልማሶችን ለማስተማር ተነሥተው፣ ሰሌዳ ሰቅለው፣ አግዳሚ ደርድረው፣ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ተማሪ ያጡ ብዙ ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው በጽሑፍ ማስታወቂያ አይጠራም። ክፍሉ ባዶ ሲቀር ግን «ሰዉ የመማር ፍላጎት የለውም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ሰኞ ገበያ የሚሸከመው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ እንጀራ ጋግራ ልጆች የምታሳድገው፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ሥራ የምትፈልገው፣ ሁሉም መማር ይፈልጋሉ። የማይፈልጉት የዕለት ጉርሳቸውን የሚያስጥል ሰዓት፣ የሚያሳፍር አቀባበልና ለኑሯቸው የማይጠቅም ትምህርት ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለቅሬ (በወሎ ለእድር የሚሰጥ ስም ነው) ሰብሳቢዎች፣ ለመምህራን፣ ለወጣት ማኅበራትና በበጎ ፈቃድ ማስተማር ለሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ሰዓቱን ተማሪዎቹ ይወስናሉ፤ ቦታው ሰፈራቸው ይሆናል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍም በእጃቸው ያለው ወረቀት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚከተለው ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

1. ማን እንደቀረ በእግር ፈልጉ

ከመዝገብ አትጀምሩ። በመዝገብ ላይ ያለው ሰው ቀድሞውንም የሚታይ ሰው ነው። ለጥቂት ቀናት በሰፈሩ ተዘዋውሩ፦ ወፍጮ ቤት፣ የውኃ ቦኖ፣ የሸክም ተራ፣ የእንጨትና የከሰል መሸጫ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያን፣ አራዳን፣ ሆጤን፣ ሳላይሽን፣ ገራዶን ብትይዙ እያንዳንዱ የተለየ ሰው ያሳያችኋል። ገበያው ላይ ተሸካሚና ቸርቻሪ ይበዛል፤ ዳር ዳሩ ላይ ከገጠር የመጡና በጦርነቱ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በኪራይ ተጠግተው ይኖራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሰዎች አሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች ከግቢ ስለማይወጡ ማንም አይቆጥራቸውም። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች ለትውልድ የተናቁ በመሆናቸው ቢጋበዙም ከሌላው ጋር መቀመጥ ይከብዳቸዋል። ከደሴ በስተሰሜን በቦሩ ሜዳ ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕክምና ሲሰጥ ስለኖረ በዚያ አካባቢ ከበሽታው የዳኑ፣ ነገር ግን ከሰው የተገለሉ ወገኖች አሉ። እነዚህን ሰዎች ሄዳችሁ ካልጠራችኋቸው አይመጡም። ስትጠሩም «መሃይማን» እያላችሁ አትጥሩ። «ስልክዎ ላይ የሚመጣውን መልእክት ራስዎ ማንበብ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ «አልፈልግም» የሚል ሰው ጥቂት ነው።

2. በቅሬው በኩል ግቡ

በወሎ ቅሬ የማይደርስበት ቤት ጥቂት ነው። ድሃውም ሀብታሙም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የቅሬ አባል ነው። የቅሬው ሰብሳቢ አንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት ተነሥቶ የሚናገረው ቃል ከመቶ ወረቀት ይበልጣል። ሰብሳቢውንና ጸሐፊውን አስቀድማችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። የሴቶች ቅሬ ለብቻው ካለ ሴቶቹን ለብቻ አነጋግሩ። ከዚያም ኢማሙንና የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ የሁለቱ ድጋፍ ከሌለ ባል ሚስቱን፣ አሠሪ ሠራተኛውን ከመላክ ይቆጠባል።

ከቅሬው ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቦታ፣ አግዳሚና ምስክርነት። ገንዘብ መጀመሪያ ላይ አትጠይቁ። ብዙ ቅሬዎች ዕቃ ማስቀመጫና መሰብሰቢያ ቤት አላቸው፤ ለቅሶ በሌለበት ቀን ባዶ ነው። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ትምህርቱ ይታጠፋል፤ ይህን ከጅምሩ ተስማሙ።

ቀጥሎ ወደ ቀበሌውና ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መንግሥት «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» የሚባል የሁለት ዓመት መርሐ ግብር አለው፤ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ይቀበላል። የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያው ክፍላችሁን ከመዘገበው መጽሐፍ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ተማሪዎቹም ወደ መደበኛው ወይም ወደ ማታ ትምህርት መሻገር ሲፈልጉ መንገዱ አይዘጋባቸውም። የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ሰው ለሁለት ዓመት ደክሞ የትም የማያደርስ ወረቀት እንዲይዝ ማድረግ በደል ነው።

3. ሰዓቱን እነሱ ይምረጡት

የደሴን ሰው ሰኞ ቀን ክፍል ጥሩት፤ አታገኙትም። ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ለተቀላቀለ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚስማማው ሰዓት ከዐስር ሶላት፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ጸሎት፣ በኋላ ያለው ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ትምህርት፣ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በፊት ሁሉም በየቤቱ። ለሴቶች ይህ ወሳኝ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በጦሳ ሥር የተቀመጠች ዳገታማ ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጭጋጉና ጭቃው ከመጨለሙ በፊት እንኳ መንገድ ያስጠፋል። ሴት ልጅ በጨለማ ዳገት ወርዳ እንድትሄድ የሚያስገድድ ክፍል ለእሷ የተከፈተ ክፍል አይደለም።

በሰው ቤት ለሚሠሩት የሚሻለው የእሑድ ከሰዓት ነው። አሠሪዎቹን ራሳችሁ አነጋግሩ፤ ልጅቷ እንድትጠይቅ አታድርጉ። በሰፈሩ የተከበሩ ሁለት እናቶች ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡናው እየተጠጣ «በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ» ብላችሁ ለምኑ፣ ትምህርቱ የት እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ንገሯቸው። አንዳንዱ አሠሪ «ከተማረች ትሄድብኛለች» ይላል። የገበያ ሒሳብ ጽፋ የምትይዝ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ አንብባ ለልጆች የምትሰጥ ሠራተኛ ለቤቱም እንደምትጠቅም አስረዱ፤ እውነትም ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሁኔታው ይለያል። ከደሴ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ በፈረቃ ይገባል። በዚህ ሳምንት ጠዋት የሚገባ በሚቀጥለው ሳምንት ማታ ይገባል። እዚያ አንድ ሰዓት ወስናችሁ ሁሉንም መያዝ አትችሉም። ያው አንዱ ትምህርት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት ይሰጥ፤ ሠራተኛው እንደ ፈረቃው በፈለገው ይግባ። ለአመቻቹ፣ ማለትም ለሚያስተምረው ሰው፣ ድካም ነው፤ ሌላ መንገድ ግን አላየሁም።

ልጅ ያላቸው እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይምጡ። ጥግ ላይ ሰሌን አንጥፉ፣ አንዲት ታዳጊ ልጆቹን ትያዝ። እንዲህ ካልተደረገ በሁለተኛው ሳምንት ግማሾቹ እናቶች ይቀራሉ።

4. አመቻቹን ምረጡ

ዲግሪ ያለው ሰው የግድ አይደለም። አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው፣ ከሁሉም በላይ ሰውን የማይንቅ ይበቃል። ለሴቶች ክፍል ሴት አመቻች ትሻላለች። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ሆኖም ተማሪ ለፈተና ይጠፋል፣ ለዕረፍት አገሩ ይገባል። ስለዚህ ዋናው አመቻች የሰፈር ሰው ይሁን፣ የዩኒቨርሲቲው ልጅ ረዳት።

አመቻቹ ተማሪዎቹን «አንቱ» ይበል። ዕድሜዋ ከእናቱ የማይተናነስን ሴት «አንቺ» ብሎ ስሕተቷን በሰሌዳ ላይ የሚያጋልጥ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

5. የመጀመሪያው ቀን

ተማሪው ከ15 እስከ 20 ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ክፍል አድርጉት። በክብ ይቀመጡ። ቡና ይፈላ። መዝገብ አውጥታችሁ «እዚህ ጋ ፈርሙ» አትበሉ፤ የጣት አሻራ ቀለምም ፊታቸው አታቅርቡ፤ እነዚህ ሰዎች በየቢሮው ሲያፍሩበት የኖሩበት ነገር ነው። ስማቸውን በቃል ተቀብላችሁ እናንተ ጻፉ።

ከዚያ ጠይቁ፦ «ማንበብ ባለመቻልዎ የተቸገሩበት ምን ነበር?» ዝም ብላችሁ ስሙ። የመጀመሪያዋ ከተናገረች በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ። የሐኪም ቤት ቀጠሮ አልፏት የተመለሰች፣ የማታውቀው ውል ላይ የፈረመች፣ በስልክ ተታልላ ገንዘቧን ያጣች ትኖራለች። አመቻቹ እነዚህን በዝርዝር ይያዝ፤ የትምህርት ዕቅዱ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሳይለያዩ ሁሉም አንድ ነገር ጽፈው ይሂዱ፦ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል። ደብተሩ ላይ በትልቁ፣ ሩቡን ገጽ የሚሞላ አድርገው።

በሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ንገሩ። የክትባት ካርድ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የቅሬ መዋጮ ደብተር፣ የሞባይል ካርድ፣ የሥራ ውል፣ ያገኙትን ሁሉ። እነዚህን በካርቶን ሣጥን አኑሯቸው። የሰው ምስጢር ያለበትን፣ በተለይ የሕክምና ወረቀትን፣ ለጋራ ንባብ ከማቅረባችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ስሙንም ሸፍኑ።

6. ፊደሉን በምን ቅደም ተከተል?

ብዙ ክፍሎች የሚፈርሱት እዚህ ነው። ገበታውን ሰቅሎ ከሀ እስከ ፐ፣ 33ቱን በ7 አባዝቶ 231 ቅርጽ በቃል ማስወጣት ለሕፃን ይሆን ይሆናል፤ ሕፃን ጊዜ አለው። ቀኑን ሙሉ ሲሸከም የዋለ ሰው ግን ለሦስት ወር ፊደል እየዘመረ አንድም ቃል ካላነበበ ይሄዳል፤ መብቱም ነው።

በአምስት የፊደል ቤተሰብ ጀምሩ፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ መ እና ተ። 35 ቅርጽ ማለት ነው። ከእነዚህ ብቻ ስንት ቃል እንደሚወጣ ተመልከቱ፦ ቤት፣ ስም፣ ሴት፣ ልብ፣ ሎሚ፣ ተልባ፣ ቲማቲም፣ ማታ፣ ሰባት፣ ሰላም፣ መብት። ገበያ ላይ የሚጮኹትን ስም በአንደኛው ወር ጽፈው ያያሉ። በሁለተኛው ዙር ከ፣ ነ፣ ረ፣ አ እና ደ ሲጨመሩ ብር፣ ዱቤ፣ ከሰል፣ ባንክ፣ ካርድ፣ ክትባት፣ ኮንትራት፣ ደብተር ይነበባሉ። «ደሴ» የሚለውም እዚህ ይገኛል፤ የታክሲው ታፔላ መናገር ይጀምራል። ቀሪውን በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች እንደጠየቁት ጨምሩ።

አንድን ቤተሰብ እንዲህ አስተምሩ። በን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉ፤ በአየር ላይ በጣት፣ ከዚያም በጠመኔ፣ ከዚያም በደብተር ይከተሏችሁ። ቀጥሎ ቡን ከጎኑ ጻፉና ምን እንደተጨመረ ጠይቁ፤ «ቀኝ ጎኗ ላይ ጭረት» ይላሉ። ሉ እና ሱን አሳዩ፤ ያው ነው። ቢ፣ ሊ፣ ሲ ቀኝ እግራቸው ሥር ጫማ ያደርጋሉ። ባ፣ ላ፣ ሳ ቀኝ እግራቸው ይረዝማል። ቤ፣ ሌ፣ ሴ ቀኝ እግራቸው ላይ ቀለበት ያስራሉ። ተማሪው ይህን ራሱ ሲያገኘው 231 የሚለው ቁጥር ማስፈራቱ ይቀራል። ሳድሱና ሳብዑ (ስድስተኛውና ሰባተኛው ቅርጽ) ግን ሥርዓት ይጥሳሉ፤ ቦ እና ሶ ግራ እግራቸው ሲረዝም ሎ ክብ ትጨምራለች። ይህን አትደብቁ፤ «እነዚህን በዓይን እንይዛቸዋለን» በሉና በቃላት ውስጥ ደጋግማችሁ አሳዩ።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የሚለውን ክርክር ለኋላ አቆዩት። ለጀማሪ አንዱን ይዞ ማንበብ ይበቃዋል። ሌላው ቅርጽ በወረቀት ላይ ሲያጋጥም «ይህም ያው ድምፅ ነው» ማለት ብቻ ነው።

ተማሪዎቻችሁ ሁሉ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ቁርዓን ቤት የቀሩ አረጋውያን የዐረብኛ ፊደል ይለያሉ፤ ወሎ መንዙማውን በአማርኛ እያሰበ በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ሲጽፍ የኖረ አገር ነው። እነዚህ ሰዎች ንባብ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚያስቸግራቸው አቅጣጫው ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጀምራሉና። ደብተራቸው ላይ በግራ ኅዳግ ነጥብ አድርጉላቸው። ዳዊት በቃላቸው የሚሉ ደግሞ አሉ፤ ጽሑፉን ፊታቸው አኑሩና በቃል የሚያውቁትን በጣት ይከተሉ። ከዓረብ አገር የተመለሱት ልጆች የመንገድና የዕቃ ጽሑፍ መለየት ለምደዋል። ይህን ሁሉ ዕውቀት በክፍሉ ፊት አክብሩት፤ ማንም ከዜሮ እየጀመረ እንዳይመስለው።

ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው ተማሪዎች ደብተሩን ሲያርቁና ሲያቀርቡ ካያችሁ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ ዓይናቸው ነው። መርፌና ክር ስጧቸው። ክሩን ለማስገባት ከተቸገሩ የንባብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ስላለው ተባብራችሁ በቡድን ውሰዷቸው። «ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ» እያለ ሊተው የነበረ ሰው በመነጽር ብቻ ሲመለስ አይቻለሁ።

እጅም እንዲሁ ነው። ድንጋይና ጆንያ የለመደ እጅ እርሳሱን ጨምድዶ ይይዝና ወረቀቱን ይቀደዋል። ለሁለት ሳምንት በጠመኔ በትልቁ ይጻፍ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጡ ተገልብጦ ለዚህ በጣም ይመቻል፣ ወፍራም ነው፣ አይቀደድም፣ በነጻ ይገኛል። ጣታቸው በበሽታ ለተጎዳ እርሳሱን በጨርቅ ጠምጥማችሁ አወፍሩት። ማየት ለተሳነው ብሬይል፣ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን በፍላጎት ብቻ መሸፈን አይቻልም። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቁ፤ ሰው እስኪገኝ ድረስ ግን በቃል የሚሰጠው ትምህርት፣ ሒሳቡና ውይይቱ አይለፋቸው።

7. ሒሳብ፣ ስልክ፣ ሰዓት

ሒሳብ ሲደርስ አመቻቹ ተማሪ ይሆናል። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ «አንዱ 20 ብር ቢሆን 17ቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋት እናንተ ስልክ ሳታወጡ ትመልሳለች። እንዴት እንዳገኘችው አስረጂኝ በሏት፦ «አሥሩ ሁለት መቶ፣ አምስቱ መቶ፣ ሁለቱ አርባ፤ ሦስት መቶ አርባ»። ይህንኑ እንዳለችው በሰሌዳ ጻፉት፦ 200፣ 100፣ 40፣ ድምሩ 340። በጭንቅላቷ የነበረው በወረቀት ሲታይ ጽሑፍና ስሌት የሷ መሆኑን ትረዳለች። በማባዛት ሰንጠረዥ አታድክሟት። የሚቀጥለው ትምህርት የዱቤ መዝገብ ነው፦ የደንበኛ ስም፣ ቀን፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ የቀረው። ግድግዳዋ ላይ በከሰል ጭረት የያዘችው ዕዳ ወደ ደብተር ሲዛወር ክርክር ይቀንሳል፤ ለብዙዎች ከትምህርቱ የመጀመሪያው ትርፍ ይህ ነው።

ስልክ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። መጀመሪያ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ያለ ስሕተት መለየትና መደወል ይቻል፤ ከዚያ ስምን በማውጫ ውስጥ ማግኘት። ቴሌብር ላይ *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብ ማየትን፣ ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም ማንበብን በእውነተኛ ስልክ፣ በትንሽ ብር አለማምዱ። ብዙ የባንክ አጭር መልእክቶች የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን ማስተማር አያስፈልግም። «ክሬዲትድ» የሚለው ሲመጣ ገንዘብ ገብቷል፣ «ዴቢትድ» የሚለው ሲመጣ ወጥቷል፤ ሁለቱን ቃላት በላቲን ፊደል በትልቁ ጽፋችሁ በመልካቸው ይለዩአቸው።

የሚስጥር ቁጥርን በተመለከተ አንድ ደንብ ይኑር፦ ለማንም አይነገርም፤ ለልጅም፣ ለአሠሪም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ድምፅም፣ ለአመቻቹም። አመቻቹ ተማሪ ቁጥሩን ሲጫን ፊቱን ያዙር፤ ይህን ሲያደርግ ሁሉም ይዩት። «ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል ጥሪ ሲመጣ ምን እንደሚባል እየተጫወቱ ይለማመዱ፤ አንዱ አታላይ ይሁን፣ ሌላው ይመልስ። በማታለል ገንዘቧን ያጣች ሴት በዚህ ልምምድ ከሁሉ የተሻለች አስተማሪ ናት።

ሰዓትና ቀን ሌላው ወጥመድ ነው። ስልኩ 7፡00 ሲል እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው የምንለው፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ነው። ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋሉ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አላቸው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምታስብ ልጅ ውሏ ላይ ያለውን ቀን፣ ደመወዝና የአሠሪ ስም በጣቷ ማሳየት እስክትችል ድረስ ይህን ትምህርት አትዝለሉት። ትሂድ አትሂድ የሚለው የእሷ ውሳኔ ነው፤ ምን ላይ እንደምትፈርም ማወቅ ግን አለባት።

ለኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ለንባብ አውጡ፤ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንደማይበልጥ የሚናገረውን አንቀጽ ጀማሪ እንኳ በእርዳታ ያነበዋል። አዋጁ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን አይሸፍንም። ስለዚህ ለእነሱ ክፍል ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና የሥራውን ዓይነት የያዘ የአንድ ገጽ ቀላል ውል በጋራ አዘጋጁ፤ ሁለት ምስክር ይኑረው። ራሳቸው የጻፉት ጽሑፍ ስለሆነ ደጋግመው ያነቡታል።

8. ክፍሉ እንዳይፈርስ

ሰው ይቀራል። መኸር ሲደርስ ወደ ገጠር ለአጨዳ የሚወርድ አለ፣ በረመዳን ሰዓቱ ይዛባል፣ በጥር ሠርግ ይበዛል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ያግዳል። ዓመቱን ስታቅዱ እነዚህን አስቀድማችሁ ቀንሱ። በረመዳን ትምህርቱ ጠዋት ይሁን ወይም ያጥር። የቀረ ሰው ሲመለስ «የት ነበሩ?» ተብሎ አይመርመር፤ አጠገቡ ያለ ተማሪ ያለፈውን ያሳየው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረን ግን ቤቱ ሂዱ፤ ታሞ ይሆናል፣ ከኪራይ ቤት ተባርሮ ይሆናል፤ ሰው የጠየቀው ተመልሶ ይመጣል።

መብራት ይጠፋል፤ የፀሐይ ብርሃን መብራት ቢገኝ መልካም ነው፣ ካልተገኘ ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍል ራሱ መፍትሔ ነው።

ለተማሪዎች አበል አትክፈሉ። ከውጭ የመጣ ድጋፍ አበል ከፍሎ ሲያበቃ ክፍሉም አብሮት ያበቃል። አመቻቹ ግን በነጻ ለዓመታት ይሥራ ማለት ግፍ ነው፤ ቅሬው በወር ትንሽ መዋጮ ቢያደርግለት፣ ባይችል የቅሬ መዋጮውን ቢያነሣለት ክብርም ጥቅምም ነው።

9. ካነበቡ በኋላ

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ ወደ ክፍላችሁ ከሚመጡት አረጋውያን መካከል ያን ጊዜ ተምረው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ አሉ። ረስተውታል። ረሱት እንጂ ሰነፉ አይባልም፤ ከዘመቻው በኋላ በየመንደሩ የሚነበብ ነገር በበቂ አልነበረም። ያው ነገር እንዳይደገም ክፍሉ ከመጨረሱ በፊት ንባቡ ሥራ ይያዝ።

የቅሬው የወር መዝገብ በተራ ለተማሪዎቹ ይሰጥ። ጸሐፊው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ የተከፈለውን እነሱ ይጻፉ። የእቁብ ደብተርም እንዲሁ። አሮጌ ጋዜጦችና በትልቅ ፊደል የታተሙ መጻሕፍት በካርቶኑ ሣጥን ይጨመሩ፤ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ ለልጁ ያንብብበት። ልጅ ለእናቱ፣ እናት ለልጅ ማንበብ ከማንኛውም መልመጃ ይሻላል።

የተማሪውን ደረጃ በፈተና ነጥብ ብቻ አትለኩ። በየሦስት ወሩ ከሣጥኑ ውስጥ ያላየውን ወረቀት አንሡና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ምንድን ነው? ቀኑ መቼ ነው? ምን አድርግ ይላል? ሦስቱን ከመለሰ አንባቢ ነው። በመደበኛ ትምህርት መቀጠል የሚፈልጉትን ስማቸውን ይዛችሁ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አቅርቡ፤ የሚመደቡበትን ክፍል በፈተና ይለዩላቸው። ሙያ የሚፈልጉትን ደሴ ላይ ወደ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወስዳችሁ ለንባብ ደረጃቸው የሚስማማ አጭር ሥልጠና መኖሩን ጠይቁ። የምዝገባውን ቅጽ ራሳቸው ይሙሉት። ጊዜ ቢወስድም፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ብዕሩን ከእጃቸው አትውሰዱ።

ከተማሪዎቹ መካከል ፈጣን የሆኑ ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ ይገኛሉ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ እነሱን ለረዳትነት ያዟቸው፤ መን፣ ለን፣ በን እነሱ ያስተምሩ፣ አመቻቹ ከኋላ ይቀመጥ። ዓመቱ ሲያልቅ አጎራባቹ ቅሬ ክፍል ሊከፍት ሲፈልግ የሚልኩት ሰው ተዘጋጅቷል፤ ሰሌዳውንና የወረቀቱን ሣጥን ይዘው ይሂዱ፣ ከተራ ቁጥር 1 ይጀምሩ።